የአስካለ የመጨረሻ ፔፐር

የአስካለን መሞት የሰማሁት ስለ ሰሊጥ ዋጋ ለመጠየቅ ስደውል ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ባሕር ዳር ቢሮዬ ተቀምጬ ለራዲዮ የሳምንቱን የገበያ ዘገባ አዘጋጃለሁ። የገንዳ ውሃ ከተማን የሰሊጥ ዋጋ ሁልጊዜ የማረጋግጠው ከእሷ ስለነበር መጀመሪያ ወደ እሷ ደወልሁ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ቀጥዬ ቀድሞ ትሠራበት ወደነበረው የሰሊጥ ነጋዴ ድርጅት ደወልሁ። ያነሳው ሰው ዋጋውን ነገረኝ። አመስግኜ ልዘጋ ስል፣

«አስካለ ስልኳን ቀየረች እንዴ?» አልሁት።

«አንተ ሰው፣ አልሰማህም ማለት ነው?» አለኝ። «አስካለን እኮ በነሐሴ ቀበርናት።»

ክረምቱን በሌላ ሥራ ወሎ ነበርሁ፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዋጋውን ጽፌ ዘገባውን ላክሁ፤ ሥራው ሰዓት አለው። ከላክሁ በኋላ ነው ወንበሬ ላይ ደርቄ የቀረሁት።

ከአስካለ ጋር የተዋወቅነው የመተማን ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ለመዘገብ መመላለስ በጀመርሁበት ዓመት ነው። ድርጅቱ ገንዳ ውሃ ከአስፋልቱ ዳር ሰፊ ግቢ ነበረው፤ ጆንያ የተከመረበት፣ የማበጠሪያው ማሽን አቧራ ሁሉንም ሰው አንድ መልክ ያስመሰለበት ግቢ። ሥራ አስኪያጁን አቶ ማሩን ዘንድሮ ምን ያህል ምርት እንደሚጠብቁ ጠየቅሁት። ትልቅ ቁጥር ነገረኝ። ከጎኑ ቆማ የነበረችውን ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ ሴት ሒሳብ ሹሟ ናት ስላለኝ፣ ቁጥሩን እንድታረጋግጥልኝ ወደ እሷ ዞርሁ።

«እሱ የነገረህ ሂላ ላይ ያለውን ነው» አለችኝ።

ሂላ የሚሉት የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ማሳ ላይ የሚደርቅበትን ክምር ነው። ነፋስ ቢመጣ፣ ያለ ጊዜው ቢዘንብ፣ ሠራተኛ ቢዘገይ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል።

«ሂላ ላይ ያለ ሰሊጥ የእግዚአብሔር ነው» አለች። «ጆንያ ሲገባ የእኛ ይሆናል። የጆንያውን ከፈለግህ ኅዳር ሲያልቅ ና።»

«አትስማት» አለ አቶ ማሩ እየሳቀ። «ይቺ ዝናቡንም ደረሰኝ ትጠይቀዋለች።»

«ይዞ ቢመጣ ምን ነበረበት?» አለችው።

በኅዳር መጨረሻ ተመልሼ ሄድሁ። ቁጥሩን ነገረችኝ፤ ነግራኝ ስትጨርስ የእስክሪብቶዋን ክዳን ዘጋች። ይህን ልማዷን በኋላ በደንብ አወቅሁት። ስታስብ ክዳኑን ነቅላ መዳፏን ትነካካበታለች። ስትዘጋው ነገሩ አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ ብትከራከራትም ትርፉ ድካም ነው።

የጎጃም ልጅ ናት፣ ከቢቸና ወዲያ። አባቷ በየዓመቱ አጨዳ ሲደርስ እንደ አገሩ ጎልማሳ ሁሉ ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። አንድ ዓመት ትኩሳት ይዞት ተመለሰና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አስካለ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዋን ይዛ ገንዳ ውሃ ሥራ ማግኘቷን ስትናገር እናቷ «አባትሽን የበላ ቆላ አንሶ ነው?» ብለው ለብዙ ጊዜ አኩርፈዋታል። እሷ ስለዚህ ስታወራ አታማርርም። «እናቴ ልክ ናት፤ ሥራው ግን ያለው እዚህ ነው» ትላለች።

ዲግሪዋን በርቀት ትምህርት ጨረሰች። ከዚያ ከውጭ አገር ሆኖ የሒሳብ ባለሙያዎችን በሚፈትን ተቋም ተመዘገበች። ፈተናው ብዙ ነው፤ ተፈታኞቹ እያንዳንዱን «ፔፐር» ይሉታል። የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ። ሁሉንም ፔፐር ለመጨረስ የተወሰነ የጊዜ ገደብ አለ። በዚያን ጊዜ ገንዳ ውሃ ይህን ፈተና የሚፈተን ሌላ ሰው አላገኘሁም፤ ጠይቄአለሁ።

«ዲግሪሽ አይበቃም?» አልኋት አንድ ቀን።

«ዲግሪው ሒሳብ እንድሠራ ይበቃኛል። ሌላ ሰው የሠራውን ሒሳብ ትክክል ነው ብዬ እንድፈርምበት አይበቃኝም።»

የምትፈልገው ይህ ነበር። የቆላው ነጋዴና ማኅበር ኦዲተር ሲያስፈልገው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። እሷ ገንዳ ውሃ ላይ ትንሽ ቢሮ፣ በሩ ላይ ስሟ፣ በሰነዱ ግርጌ የራሷ ፊርማ እንዲኖር ፈለገች። ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሌላ ምኞት ስትናገር አልሰማኋትም፤ ይህን ግን ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

በአጨዳ ወራት እኔ የማርፈው እሷ በተከራየችበት ግቢ ነበር። የግቢው ባለቤት እማማ ጥሩ ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ድንበሩን እየተሻገሩ ሲነግዱ የኖሩ፣ ከአማርኛቸው መሀል ዐረብኛ ጣል የሚያደርጉ ሴት ናቸው። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ቤት ስለማያስቀምጥ የገመድ አልጋው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል። አስካለ የቀኑን ንባቧን የምታጠናው ያን ጊዜ ነው፣ እኔን እያስተማረች።

«ለምን እኔን?» አልኋት መጀመሪያ ሰሞን።

«ጋዜጠኛ ነህ። ምንም አታውቅም፤ ግን ትጠይቃለህ። ለዚህ ትመቸኛለህ።»

አስረድታኝ ስትጨርስ ጥያቄ ትጠብቃለች። የማይረባ ጥያቄ ከጠየቅሁ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ «ገና አልገባኝም ማለት ነው» ትልና ወደ መጽሐፏ ትመለሳለች። አንድ አመሻሽ እንዲህ አለችን፦ ሒሳብ ሲዘጋ ድርጅቱ ነገም ይኖራል ተብሎ ነው። ነገ ይፈርሳል ካልን ማሽኑም መጋዘኑም ዋጋው ሌላ ይሆናል።

እኔ ጥያቄ ሳስብ እማማ ጥሩ ቀደሙኝ።

«እኔስ? ነገ እሞታለሁ ብል ኖሮ ይህን የማሽላ አገዳ አጥር አሳጥር ነበር?»

አስካለ ድምፅ አውጥታ ሳቀች፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ አትስቅም። «እማማ፣ እርስዎ ቢፈተኑ ያልፉ ነበር» አለቻቸው።

«አሁን እሱን ተይውና፣ ይህ የምትማሪው ነገር ወንድ ልጅ የለበትም? አንድ ባል ቢሰጡሽ ምናለ?»

«የመጨረሻው ፔፐር ላይ ይኖር ይሆናል።»

ከሁሉ በላይ ሰው ያስቸገረችው በምግብ ነው። ኦዲተር ከሚመረምረው ሰው ምንም መቀበል የለበትም የሚለውን ደንብ ገና ኦዲተር ሳትሆን ጀመረችው። ድርጅቱ በመተማ መንገድ ላይ ባለችው ኮኪት መጋዘን ነበረው። ጆንያ ልትቆጥር በምትሄድበት ቀን አንዴ አብሬያት በጭነት መኪና ሄድሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ደመላሽ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ዶሮ ሠርታ ጠበቀችን። አስካለ ወንበሩን እንኳ አልተቀበለችም።

«ቆጠራው ሳይፈረም አልበላም፣ ጋሼ።»

«ምነው፣ መርዝ ያደረግንበት መሰለሽ?»

«ውሃ ስጡኝ። ውሃ አያዳላም።»

ቅር አላቸው። በቆላ እንግዳ ምግብ እንቢ ሲል ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሆነው ይህ ነው፦ አቶ ደመላሽ ወደ መጋዘኑ ገብተው ተሸካሚዎቹን «ቶሎ በሉ እናንተ! ልጅቱ በረኀብ ልትሞትብኝ ነው» እያሉ ያጣድፉ ጀመር። የተደበቀው ሁሉ፣ ከጥግ ያለው የተቀደደ ጆንያ ሳይቀር፣ ወጥቶ ተቆጠረ። ተፈረመ። ክዳኗን ዘጋች። ከዚያ እንደ ሰው ሁሉ ታጥባ በላች፤ እንዲያውም ጨመረች። በኋላ በኋላ በኮኪት እሷ የምትመጣበት ቀን ሲደርስ ጆንያው ቀድሞ ተደርድሮ ይጠብቃት እንደነበር አቶ ደመላሽ ራሳቸው ነግረውኛል። «ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ብለን ነው» አሉኝ።

ፔፐሮቹ እንዲህ እያሉ አለፉ። አንዳንዱ በአንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ተደግሞ። የፈተናው ወቅት ለቆላ ሒሳብ ሠራተኛ የተመቸ አይደለም፤ አንዱ የሰሊጥ ገበያ በሚደራበት በታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው፣ ሌላው የሰኔ ሠላሳ ሒሳብ መዝጊያ በሚቃረብበት በግንቦት መጨረሻ ላይ። በየጊዜው ከአቶ ማሩ ፈቃድ መለመን ነበረባት። አንድ ፔፐር ብቻ ሲቀራት የሆነውን ልናገር።

ተቋሙ የፈተናውን ቀን የሚያሳውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የድርጅቱ ፈቃድ የሚሞላው በእኛ ነው። አቶ ማሩ በአጨዳ ወራት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በነሐሴ እንዲጠይቅ ያዝዝ ስለነበር አስካለ በነሐሴ ሞላች። ቀኑን እንደ ወትሮው በቃሏ ወደ እኛ መለሰችው። ያን ዓመት ግን ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል፤ ስለዚህ እስከ የካቲት ድረስ የፈረንጁ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከለመድነው አንድ ቀን ቀድሞ ይውላል። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አስካለም ታውቀዋለች፤ እንዲህ ባለ ዓመት ከባንክ የሚመጣውን ደብዳቤ ቀን የምታርመው እሷ ነበረች። ነገር ግን ፈቃዱ አንዴ ከተፈረመ በኋላ ቀኑ የቢሮው ቀን ሆነ። አቶ ማሩ በዚያ ቀን ይቆጥራል፣ ገንዘብ ያዡ በዚያ ቀን ይቆጥራል፣ እሷም እንደነሱ። የተፈረመ ነገር መልሶ ማየት አልመጣላትም።

ሥራው ስለበዛ የወጣችው በመጨረሻው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ አክስቷ ቤት አደረች። ጠዋት ፈተናው ከሚሰጥበት ቦታ ስትደርስ ጥበቃው በር ላይ አስቆማት።

«እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ፈተና አለኝ።» የፔፐሩን ስም ነገረችው።

ሄዶ ጠይቆ ተመለሰ። «እሱ ትናንት ነበር እኮ» አላት።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። ስትመለስ እኔ ግቢው ውስጥ ነበርሁ፤ እማማ ጥሩ በሩ ላይ ተቀበሏት።

«እንዴት ሆነልሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አልተፈተንሁም እማማ። በአንድ ቀን ዘገየሁ።»

«መኪናው ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ቀኑን ተሳስቼ ነው።»

እማማ ጥሩ ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መኪና ተበላሸ በያቸው። ማን ሊያውቅ ነው?»

«መኪናው ምን በደለኝና?» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ገባች።

ከተማው ሰማ። ሻይ ቤቱም፣ የባጃጅ ተራውም «ቀን የጠፋባት ሒሳብ ሹም» እያለ ሳቀ። አቶ ማሩ «ደመወዝሽን በየትኛው አቆጣጠር ልክፈልሽ?» አላት። «በሁለቱም» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እኔ ግን በዚያ ሳምንት አመሻሽ ላይ መጽሐፍ ይዛ ስትወጣ አላየኋትም። አልጋዋን አውጥታ ትቀመጥና ወደ መንገዱ ትመለከታለች። በአንደኛው ቀን ሳልጠይቃት ተናገረች።

«ገደቡ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። «የቀረችኝ የግንቦቷ ብቻ ናት። እሷ ካመለጠችኝ እስከ ዛሬ ያለፍኋቸውም አይቆጠሩልኝም። ከዜሮ ነው።»

«ትጀምሪያለሽ ታዲያ?»

ክዳኑን መዳፏ ላይ ነካካችው።

በግንቦት አቶ ማሩ ፈቃድ ከለከላት። እንደ ልማዴ ሁለቱንም ወገን ጠይቄአለሁ። አቶ ማሩ «አንድ ጊዜ ሰጥቻታለሁ፤ ቀኑን የሳተችው እሷ ናት። ሰኔ ሠላሳን ያለ ሒሳብ ሹም እንዴት አድርጌ ልዝጋ?» አለኝ። እሷን በስልክ ስጠይቃት «እሱም ልክ ነው» አለች። «እኔ ግን ሌላ ግንቦት የለኝም።» የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አስገባች፤ ሥራዋን አንድ በአንድ አስረክባ ወጣች። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ በድርጅቱ በር የወጣችው ከመጽሐፏና ከምሳ ዕቃዋ ሌላ ምንም ሳትይዝ ነው፤ አቶ ማሩ ነው የነገረኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

አዲስ አበባ ቀድማ ገብታ ሰነበተች። በፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ።

«ተቀመጥሁ» አለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ከበደሽ?»

«ውጤቱ ሲመጣ ጠይቀኝ።»

ከእሷ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገርነው ይህን ነው።

የቀረውን የሰማሁት በኅዳር ገንዳ ውሃ ሄጄ ከእማማ ጥሩ ነው። አጥራቸው በአዲስ አገዳ ታጥሯል። ደሞዟ ስለተቋረጠ አስካለ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ጠረጴዛና ጃንጥላ ተክላ የግብር ማስታወቂያ መሙላት ጀምራ ነበር። ሐምሌ ትንንሾቹ ነጋዴዎች ግብር የሚያሳውቁበት ወር ነው፤ ሰልፉ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ትኩሳት የያዛት በወሩ አጋማሽ ላይ ነው። ክኒን ገዝታ ዋጠች።

«ሐኪም ቤት ሂጂ አልኋት» አሉኝ እማማ ጥሩ። «ይህ ሰልፍ ይቅለል፣ ከዚያ እሄዳለሁ አለችኝ። በማግሥቱ ስሄድ ከንፈሯ ደርቋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ኸላስ፣ በቃ ተነሽ ብዬ ጃንጥላውን አጠፍሁባት።»

«ተነሳች?»

«ምን ትነሳለች! ፀሐዩ ላይ ሆና መጻፏን ቀጠለች። ሰልፉ ላይ ያሉት ናቸው ተጨንቀው እኔን ጃንጥላውን ክፈቺው ያሉኝ።»

ጎንደር ሲወስዷት ራሷን አታውቅም ነበር። ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቶ ነው ይላሉ። የሐኪም ማስረጃ አላየሁም፤ ስለዚህ ይላሉ ብዬ ነው የምጽፈው። ተቋሙ የግንቦቱን ውጤት ለተፈታኞች የላከው እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች መሆኑን ግን አረጋግጫለሁ። ውጤት የሚላከው በኢሜይል ነው። ቀብሯ የተፈጸመው ገንዳ ውሃ ነው፤ እናቷ መንገድ አልቻሉም፤ የመጣው ወንድሟ ይርጋ ነው።

ይርጋ ዕቃዋን ሊሰበስብ በታኅሣሥ ገንዳ ውሃ ተመልሶ መጥቶ ነበርና ወደ አገሩ ሲሄድ ባሕር ዳር ጎራ ብሎ አገኘኝ። ኮምፒውተሯን ይዞ ነበር። የይለፍ ቃሏን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ለተቋሙ ጻፍሁ፤ ማን እንደሆንሁ፣ ምን እንደደረሰ፣ ወንድሟም መፈረሙን ገልጬ። በጨዋ ቋንቋ መለሱልኝ። ኀዘናችንን እንገልጻለን፤ ውጤቱ ለተፈታኟ በስሟ ተልኳል፤ ለሌላ ሰው አንሰጥም። ምላሹን ሳነብ አልተናደድሁም። አስካለም እዚያ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ይህንኑ ነበር የምትጽፈው።

ይርጋ ከሄደ ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ።

«እናቴ አላስቀምጥ አለችኝ» አለ። «ሌላ ምንም አትጠይቅም። ልጄ የሄደችበትን አገኘችው ወይ ነው የምትለኝ። ሰው ሁሉ አዎ አግኝታዋለች በላት ይለኛል። እኔ ብላት አታምነኝም፣ ዓይኔን ታየዋለች። አንተ ብትነግራት ግን ታምናለች። ድምፅህን በራዲዮ ታውቀዋለች።»

«ይርጋ፣ ማለፏን አላውቅም እኮ።»

«መውደቋንስ ታውቃለህ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እንግዲያስ ምናለበት?»

ብዙ ዘመን በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። አንድ ቃል ብል ማንም ተነስቶ አይሞግተኝም ነበር፤ ልጃቸውን ላጡ እናት የተነገረ ነገር ነው። «ስጣቸው» አልሁት።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይሰማኛል። ከዚያ የእርጅና ትንፋሽ።

«እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ነህ የራዲዮኑ ልጅ?»

«አዎ እማማ። አስካለ ፈተናውን ተቀምጣለች። በቀኑ ተገኝታ፣ ጨርሳ ነው የወጣችው፤ እሷው ነግራኛለች። ውጤቱም መጥቷል። የተላከው ግን ለእሷ ብቻ ስለሆነ እኛ ልንከፍተው አልቻልንም። ማለፏን አላውቅም፣ መውደቋንም አላውቅም።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«በስሟ ነው የመጣው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። በስሟ ነው።»

«የሷ ከሆነ» አሉ እናቷ፣ «ይቀመጥላት።»